የሚሰነጠቅ እጅ ይዞ ከጥርስ ሕክምና ወንበር አጠገብ መቆም ይቻላልን?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ይሠራሉ። ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የሁለቱም እጆቻቸው ጀርባ እየደረቀ፣ በጣቶቻቸው መካከል ያለው ቆዳም እየቀላና እያሳከከ መጥቶ አሁን በጣት መገጣጠሚያዎቻቸው ላይ ይሰነጠቃል፤ አልፎ አልፎም ይደማል። ባልደረቦቻቸው «የጓንት አለርጂ ነው» ብለዋቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ የእጅ አልኮሉን እንዲተዉ መክረዋቸዋል። እሳቸው ለጥንቃቄ ሁለት ጓንት ደርበው ያደርጋሉ፤ ጓንት ባጠረ ቀን ግን ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ያጠለቁትን ጓንት በአልኮል አብሰው እንዲቀጥሉ ይታዘዛሉ። መሣሪያ አጥቦ ለአውቶክሌቭ (መሣሪያን በእንፋሎት ሙቀት ለሚያመክነው ማሽን) ማዘጋጀቱም የእሳቸው ሥራ ነው። ማወቅ የሚፈልጉት ሕመሙ አለርጂ መሆን አለመሆኑን፣ በተሰነጠቀው ቆዳ በኩል የጉበት ቫይረስ ወይም ኤች አይ ቪ ሊይዛቸው ይችል እንደሆነና ሥራቸውን መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ነው።

እህቴ፣ ከገለጻዎ ስነሳ ሕመምዎ የላቴክስ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጎማ፣ አለርጂ ከመሆን ይልቅ በተደጋጋሚ እርጥበት፣ በሳሙናና በኬሚካል የሚመጣ የቆዳ መቆጣት ይመስላል፤ በጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች እጅ ላይ ከሚታዩት የቆዳ ሕመሞች አብዛኛውን ቦታ የሚይዘውም ይኸው ነው። ሥራዎን መተው አያስፈልግዎትም፤ አሠራሩ ግን እንዳለ መቀጠል የለበትም፤ በተለይ ጓንት በአልኮል እያበሱ ወደ ሌላ ታካሚ ማለፍ ከዛሬ ጀምሮ መቆም ይኖርበታል። ብዙ ክሊኒኮች የሠራተኛን እጅ መጠበቅና ታካሚን ከኢንፌክሽን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አድርገው ያያሉ፤ የመጀመሪያውን የግል ችግር፣ ሁለተኛውን የተቋም ግዴታ ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የተቆጣና የተሰነጠቀ ቆዳ ስታፊሎኮከስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎችን ከጤነኛ ቆዳ አብልጦ ይሸከማል፤ በመታጠብም በቀላሉ አይጸዳም። እጁ የሚያቃጥለው ሰው ደግሞ፣ ምንም ያህል ሕሊና ያለው ባለሙያ ቢሆን፣ ሳያስበው መታጠብን መሸሽ ይጀምራል። ስለዚህ የእርስዎ እጅ መዳን ለሚቀጥለው ታካሚ ደኅንነትም ግዴታ ነው።

ቆዳ እንዴት እንደሚጎዳ ማወቅ መፍትሔውን ግልጽ ያደርገዋል። የላይኛው የቆዳችን ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ተደርድረው፣ በመካከላቸው ስብ ሞልቶ አንድ ላይ ያያያዛቸው ነው፤ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ቢያስቡት ሕዋሳቱ እንጨቱ፣ ስቡ ምርጊቱ ነው። ሳሙና በእጅ ላይ ያለውን ቆሻሻ የሚያነሣው ቅባትን በማሟሟት ስለሆነ በታጠቡ ቁጥር ከዚህ ስብ ጥቂቱን ይወስዳል፤ ቆዳው ለመተካት ጊዜ ካላገኘ ውሃው ከውስጥ ይተናል፣ የሚያስቆጣ ነገርም ከውጭ ይገባል። ሙቅ ውሃ ጉዳቱን ያፈጥነዋል። የእጅ አልኮል ግን ስቡን ከቦታው ቢያነቃንቀውም እንደ ሳሙና አጥቦ አይወስደውም፤ ግሊሰሪን የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ ከሳሙና ይልቅ ለቆዳ የተሻለ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። አልኮል የሚያቃጥልዎት ቆዳዎ አስቀድሞ ስለተሰነጠቀ ነው፤ የሰነጠቀው ግን ብዙውን ጊዜ ሳሙናው ነው። አልኮሉን ይተዉ የሚለው ምክር ጥፋተኛውን ለቆ ምስክሩን የሚያስር ስለሆነ እንዳይቀበሉት እለምንዎታለሁ።

እጅዎ በዓይን የሚታይ ደም፣ ምራቅ ወይም ሌላ ቆሻሻ ሲነካው፣ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ፣ ከምግብ በፊትና የጓንት ዱቄት እጅዎ ላይ ሲቀር በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ። በተቀረው ጊዜ ሁሉ፣ ማለትም ታካሚውን ከመንካትዎና ጓንት ከማጥለቅዎ በፊት፣ ጓንቱን ካወለቁ በኋላ፣ የወንበሩን ቁልፍ ወይም የመብራቱን እጀታ ከነኩ በኋላ፣ አልኮሉ ይበቃል፤ ይመረጣልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙና መታጠብ ደግሞ ከነመታጠቢያውና ከነማድረቂያው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። አልኮሉ መዳፍን ሞልቶ የጣት ጫፎችን፣ አውራ ጣትንና የጣቶችን መሐል ሳይቀር ማዳረስ አለበት፤ ሰዎች በብዛት የሚዘነጉት የአውራ ጣትን ዙሪያና የጥፍር ጫፍን ነው፤ በጥርስ ሥራ ደግሞ አፍ ውስጥ የሚገቡት እነዚሁ ናቸው። በሳሙና ታጥቦ ወዲያው አልኮል መደረብ ምንም ጥቅም ሳይጨምር ቆዳን የሚጎዳ ልማድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። እጅ ሳይደርቅ ጓንት ማጥለቅም እንዲሁ ነው። እርጥበቱ ከጓንቱ ውስጥ ታፍኖ ቀኑን ሙሉ ቆዳውን ያርሰዋል፤ ብዙዎች «ጓንቱ አሳከከኝ» የሚሉት ይህንን ነው።

አልኮሉ ምን ዓይነት እንደሆነም ይመልከቱ። በየፋርማሲው በጠርሙስ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ለመሣሪያና ለገጽ መወልወያ የታሰበ እንጂ ቆዳ የሚያለሰልስ ነገር የለበትም፤ በቀን ደጋግሞ እጅን በእሱ ማሸት ያደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ አልኮል ቀመር 80 በመቶ ኤታኖል፣ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል (ያው ግሊሰሪን) እና 0.125 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የያዘ ነው። 10 ሊትር ለማዘጋጀት 8333 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና 145 ሚሊ ሊትር 98 በመቶ ግሊሰሮል ተቀላቅሎ፣ የቀረው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሞላል፤ ከተዘጋጀ በኋላም 72 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል። ይህን የሚያዘጋጀው የፋርማሲ ባለሙያ እንጂ የክሊኒኩ ረዳት አይደለም፤ ኤታኖል በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ጥንቃቄው ቀላል አይደለም። ቁጥሮቹን የጠቀስኩት ክሊኒክዎ የሚገዛውን ሳኒታይዘር ከመለያ ጽሑፉ ላይ እንዲያመሳክሩ ነው። የአልኮሉ መጠን ያልተጻፈበትን ለሕክምና ሥራ አይቀበሉ።

አሁን ወደ አለርጂው ልመለስ። ሦስት የተለያዩ ሕመሞች በአንድ ስም እየተጠሩ ነው። የመጀመሪያው ከላይ የገለጽኩት የቆዳ መቆጣት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም እጆች ጀርባ፣ በጣቶች መሐልና በቀለበት ሥር ይጀምራል፤ ለፋሲካ ወይም ለሌላ በዓል ጥቂት ቀን ሲያርፉ ይቀልላል፣ ሥራ ሲመለሱ ይብሳል። ሁለተኛው ዘግይቶ የሚመጣ አለርጂ ነው፤ መነሻው ራሱ ጎማው ሳይሆን ጎማውን ለማጠንከር በፋብሪካ የሚጨመሩት እንደ ቲዩራምና ካርባሜት ያሉ ኬሚካሎች ናቸው። ጓንቱን ካደረጉ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ሽፍታው ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜም የጓንቱ አፍ በሚያርፍበት የእጅ አንጓ ላይ ቁርጥ ብሎ ይታያል። እነዚህ ኬሚካሎች በናይትራይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ውስጥም ስለሚገኙ ከላቴክስ ወደ ናይትራይል መቀየር ብቻውን ላያድን ይችላል፤ ያለ እነዚህ ኬሚካሎች የተሠራ ጓንት መፈለግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው እውነተኛው የላቴክስ አለርጂ ሲሆን፣ ከጎማ ዛፍ ወተት ለሚገኙ ፕሮቲኖች ሰውነት የሚሰጠው ፈጣን ምላሽ ነው። ጓንቱ በተጠለቀ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳው እብጥ እብጥ ይላል፣ ያሳክካል፤ ዓይን ያለቅሳል፣ ማስነጠስ ይከተላል፤ በከፋ ጊዜ ትንፋሽ ያጥራል፣ የደም ግፊትም ይወድቃል። ይህ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሙዝ፣ አቮካዶ ወይም ኪዊ ሲበላም አፉን ያሳክከዋል። የአቮካዶ ጭማቂ ሲጠጡ ከንፈርዎን ወይም ጉሮሮዎን የሚበላዎ ከሆነ ለሐኪም መንገርዎን አይርሱ። እርስዎ የጻፉት ግን ቀስ በቀስ የመጣ ድርቀትና መሰንጠቅ እንጂ በደቂቃዎች የሚነሣ እብጠት ስላልሆነ ይህን በመጨረሻ የማስቀምጠው ነው። ዱቄት ያለው የላቴክስ ጓንት የሚጠቀም ክሊኒክ ግን ያለ ምንም ምርመራ ሊተወው ይገባል፤ ዱቄቱ የላቴክሱን ፕሮቲን ተሸክሞ አየር ላይ ስለሚበተን ጓንት ያላደረገውን ሰው ጭምር ያሳምማል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዱቄት ያላቸውን የሕክምና ጓንቶች እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ያገደውም በዚህና በመሳሰሉት ምክንያቶች ነው።

የሕክምና ጓንት ታሪክ ራሱ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890 መካከል በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ካሮላይን ሃምፕተን የተባለችው የቀዶ ሕክምና ነርስ እጅዋ በሜርኩሪ ክሎራይድ ማምከኛ ስለተቆጣባት ጉድይር ከተባለው የጎማ ኩባንያ ስስ የጎማ ጓንት አሠራላት። ታካሚውን ከኢንፌክሽን የመጠበቁ ጥቅም ጎልቶ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ጓንት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባው የአንዲትን ረዳት እጅ ለማዳን ነበርና፣ ዛሬ «እጄን እያመመኝ ነው» የሚል ረዳት ቅብጠት እንደያዘው ተቆጥሮ ሲታለፍ ማየት ያሳዝነኛል።

ጓንትን በአልኮል ወይም በሳሙና ማጠብ የማይቻልበት ምክንያት የወግ አጥባቂነት ጉዳይ አይደለም። የምርመራ ጓንት ለአንድ ጊዜ የተሠራ ስስ ነገር ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ ጥቂቶቹ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ እንደሚኖራቸው የጥራት ደረጃዎቹ ራሳቸው ታሳቢ ያደርጋሉ። አልኮልና ሳሙና ሲነካው ቁሱ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፤ ፈሳሹም በእነዚህ በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ የታጠበ ጓንት የቀደመውን ታካሚ ምራቅና ደም ከላይ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ፣ ከውስጥ ደግሞ ከአልኮሉ ጋር ወደተሰነጠቀው ቆዳዎ ያደርሰዋል። በአንድ ድርጊት ሁለት ሰው ይጎዳል። ሕጉ አጭር ነው፤ ለአንድ ታካሚ አንድ ጥንድ ጓንት፣ ሲቀደድ ወዲያው መቀየር፣ ከወለቀ በኋላም እጅን ማጽዳት። ሁለት ጓንት መደረብ በጥርስ ነቀላና ደም በሚበዛበት ቀዶ ሕክምና ጊዜ ደም ቆዳ ላይ የመድረስ ዕድሉን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ለተራ ምርመራ ግን ላቡን አባብሶ የእርስዎን ችግር ያከብደዋል። ከመደረብ ይልቅ ልክዎ የሆነውን ቁጥር ያግኙ።

በጓንት የተሸፈነ እጅ የሚነካውን ነገርም ልብ ይበሉ። በሥልጠና ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ። ረዳቷ የምራቅ መምጠጫውን እንደያዘች መሳቢያ ከፍታ ጥጥ ታወጣለች፣ በዚያው ጓንት የታካሚውን ካርድ ገልጣ በእስክሪብቶ ትጽፋለች፣ ስልክ ከጮኸም ከኪሷ ታወጣለች። መሳቢያው፣ እስክሪብቶውና ስልኩ ማታ አይታጠቡም። የሚያስፈልገውን ሁሉ ታካሚው ከመቀመጡ በፊት አውጥቶ ትሪ ላይ መደርደር ብዙ ጓንት ይቆጥባል፤ ጓንት የሚያልቀው በብዛት በሥራው መሐል ለጎደለ ዕቃ ሲባል በመውለቁ ነውና።

እጅዎ በዋነኛነት የሚጎዳው ግን ታካሚው አጠገብ ሳይሆን መሣሪያ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እንደሆነ እገምታለሁ። በአገራችን ብዙዎቻችን የተማርነው ያገለገለን መሣሪያ ከማጠብ በፊት በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ይህን ልማድ አይመክርም፤ ደምና ምራቅ ክሎሪኑን ያዳክመዋል፣ ክሎሪኑ ብረቱን ይበላል፣ ሠራተኛውም በትነቱና በንክኪው ይጎዳል። የተሻለው መሣሪያው ላይ ደም ሳይደርቅበት በእርጥብ ማቆየት፣ ከዚያ ለመሣሪያ በተዘጋጀ ማጽጃና በውሃ ውስጥ ከውሃው ወለል በታች አድርጎ በብሩሽ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅና አሽጎ ወደ አውቶክሌቭ ማስገባት ነው። መሣሪያውን ከተህዋስያን ነጻ የሚያደርገው ሙቀቱ ነው፤ የታሸገ መሣሪያ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ 30 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። ሀንድፒሱም (የጥርስ መሰርሰሪያው እጀታ) ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በአውቶክሌቭ መግባት ያለበት እንጂ በአልኮል ተወልውሎ የሚታለፍ አይደለም። በረኪናውን ደም ለፈሰሰበት ወለልና ገጽ ይተዉት፤ 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል።

ይህን ሥራ በምርመራ ጓንት መሥራት የለብዎትም። ስኬለርና ፕሮብ የተባሉት ሹል የጥርስ መሣሪያዎች ስሱን ጓንት በቀላሉ ይበሳሉ፤ የማጽጃው ፈሳሽም በአንጓ በኩል ገብቶ ጓንቱ ውስጥ ይጠራቀማል። እስከ ክንድ የሚደርስ ወፍራም የጽዳት ጓንት ያስፈልግዎታል፤ ይህ ከምርመራ ጓንት በተለየ ታጥቦ፣ ውስጡ ተገልብጦ ደርቆ፣ እስኪሰነጠቅ ድረስ ደግሞ ያገለግላል። እጅ የሚያልበው ሰው ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ቢያደርግ ይረዳዋል። መሣሪያዎችን በእፍኝ አይዝገኑ፤ በማንሻ አንድ በአንድ ያንሡ። በጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እጅን ከሚወጉት አጋጣሚዎች አንዱ ይኸው ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ በሀንድፒሱ ላይ ተሰክቶ የቀረው ቡር፣ ማለትም የመሰርሰሪያው ጫፍ፣ ነው፤ ረዳቷ መምጠጫውን ለማንሣት እጇን ስትዘረጋ ክንዷን ወይም የእጇን ጀርባ ይጭራል። ሥራው ሲያበቃ ቡሩን ነቅሎ ማስቀመጥ የሐኪሙ ኃላፊነት ነው፤ ሐኪሙ ሲረሳ ግን እርስዎ በአክብሮት ያስታውሱት።

በሙሌት ሥራ ላይ የሚረዱ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ካለው መሙያ) በፊት የሚቀባው ቦንዲንግ (ማጣበቂያ) ውስጥ ያሉት ሜታክሪሌት የተባሉ ኬሚካሎች የላቴክስንም የናይትራይልንም ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ አልፈው ቆዳ ይደርሳሉ። በእነዚህ የሚመጣው አለርጂ ዕቃውን በሚይዙት የአውራ ጣት፣ የአመልካችና የመካከለኛው ጣት ጫፎች ላይ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቃል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ጠብታው ጓንትዎ ላይ ካረፈ አይጥረጉት፤ ጓንቱን አውልቀው እጅዎን ታጥበው ሌላ ያድርጉ። በየውበት ሳሎኑ በመብራት የሚደርቀው የጥፍር ጄልም የእነዚሁ ኬሚካሎች ዘመድ በመሆኑ፣ በጥፍር ጄል የተነሣ አለርጂ የጥርስ ሥራን እስከማስተው ሊደርስ ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥፍር በሥሩ ተህዋስያን ስለሚያጠራቅምና ጓንት ስለሚቀድ ለሥራችን ቀድሞም የተከለከለ ነው።

የቤት ሥራውም ይቆጠራል። በክሊኒክ የተቆጣ እጅ ማታ በዱቄት ሳሙና ልብስ ካጠበ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከላጠ፣ በርበሬ ከነካ ለመዳን ጊዜ አያገኝም። ለጥቂት ሳምንታት ይህን በጓንት ያድርጉት፤ ቢቻል የቤተሰቡ ሰው ያግዝዎት። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ቫዝሊን በወፍራሙ ቀብተው የጥጥ ጓንት አድርገው ይተኙ። ቀን ግን ቫዝሊንም ሆነ ሌላ የነዳጅ ዘይት ውጤት ያለበት ቅባት ከላቴክስ ጓንት በፊት አይቀቡ፤ ጓንቱን ያበላሸዋል። ለቀኑ ውሃ የበዛበት ሽታ አልባ ክሬም ይሻላል፤ በምሳ ሰዓትና ከሥራ ሲወጡ ይጠቀሙበት። ሎሚ፣ ሬትና የመሳሰሉትን የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ እንዲቀቡ የሚመክርዎ ቢኖር ይተዉት። ከሁሉ በላይ ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባሉትን የስቴሮይድ ቅባቶች ገዝተው አይቀቡ። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ሲታዘዙ ይጠቅማሉ፤ በራስ ፈቃድ ሲራዘሙ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ጭርት ከሆነም ደብቀው ያስፋፉታል። በአንድ እጅ ብቻ የሚታይ መላላጥ ፈንገስ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሱ።

ክሊኒኩ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ባለ ቧንቧ ባልዲ አስቀምጦ በሚወርድ ውሃ መታጠብ ይቻላል፤ በሳፋ በተቀመጠ ውሃ ውስጥ እጅን መንከር ግን መታጠብ አይባልም። ባር ሳሙናው ውሃ በማያጠራቅም ነገር ላይ ይቀመጥ፤ የፈሳሽ ሳሙናው ዕቃ ሲያልቅ ታጥቦ ደርቆ ይሞላ እንጂ በላዩ ላይ አይጨመርበት። በምስማር ላይ ተሰቅሎ ሁሉም የሚጠርግበት ፎጣ መነሣት አለበት፤ በወረቀት ወይም አንድ ጊዜ ተጠቅመው በሚያጥቡት ትንሽ ጨርቅ፣ ሳያሹ እየነኩ ያድርቁ።

ስለ ቫይረሶቹ የጠየቁትን በግልጽ ልመልስ። ጤነኛ ቆዳ ደም ቢነካው ኤች አይ ቪ አያስተላልፍም። በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል የመተላለፍ ዕድሉ አለ፤ ሆኖም እጅግ ዝቅተኛ ነው። የኤች አይ ቪ ደም ባለበት መርፌ መወጋት እንኳ የማስተላለፍ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በዓይን ወይም በአፍ ሽፋን በኩል 0.09 በመቶ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ግን የተለየ ነው፤ ክትባት ላልወሰደ ሰው በመርፌ መወጋት እንደ ታካሚው ሁኔታ ከ6 እስከ 30 በመቶ ያስተላልፋል፤ ቫይረሱም በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። የእኔ ትልቁ ስጋት ይህ ነው። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን የጤና ባለሙያዎች ራሳችን ፈልገን ካልተከተብን መከላከያ የለንም። ሦስት ዶዝ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ይሰጣል። ከመጨረሻው ዶዝ ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ የደም ምርመራ ተደርጎ በደምዎ ውስጥ ያለው የመከላከያ (አንቲቦዲ) መጠን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠብቀዋል። ከመጀመርዎ በፊት ቫይረሱ እንደሌለብዎ ይመርመሩ። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በከንፈር ላይ የሚወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ በተሰነጠቀ ጣት በኩል ገብቶ የሚያሠቃይ፣ ውሃ የቋጠረ የጣት ቁስል ያመጣል። ከንፈሩ ላይ ትኩስ ቁስል ያለበትን ታካሚ፣ ሕክምናው አስቸኳይ ካልሆነ፣ ቀጠሮውን ማዛወር ለሁሉም ይበጃል።

የማደንዘዣ መርፌ ለዚያው ታካሚ ደግሞ ሊያስፈልግ ስለሚችል ክዳኑን መመለስ በጥርስ ሕክምና ውስጥ የተለመደ ነው። ክዳኑን በሌላ እጅ ይዘው አይክደኑ፤ ትሪው ላይ አስተኝተው በአንድ እጅ መርፌውን ወደ ውስጥ ያስገቡት። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ። ቢወጋዎ ቦታውን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፤ አይጭመቁት፣ በአፍዎ አይምጠጡት፣ በረኪናም አያፍስሱበት። ታካሚው ሳይሄድ ወዲያው ለኃላፊው ያሳውቁ፤ በታካሚው ፈቃድ ምርመራ ይደረግለት። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ከ72 ሰዓት በላይ አይዘገይም፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና የሚሰጥባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች ይህን ይሰጣሉ፤ ከአራት ኪሎ ተነሥተው የካቲት 12 ሆስፒታል ወይም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ ብዙ አይርቅዎትም። እስከ ነገ ልጠብቅ አይበሉ።

ጓንት የሚያጥርበትን ጉዳይ ለአሠሪዎ ሲያነሡ ልመና አድርገው አያቅርቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልጉትን የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎች እንዲያቀርብና ሠራተኛውን ስለ አጠቃቀሙ እንዲያሠለጥን ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም መሣሪያውን እንዲጠቀም ግዴታ ይጥልበታል። በአክብሮት፣ ቢቻል ከባልደረቦችዎ ጋር ሆናችሁ በጽሑፍ ብታቀርቡ ይሻላል፤ በቀን ስንት ታካሚ እንደሚታይና ስንት ጥንድ ጓንት እንደሚወጣ ጨምራችሁ ብትጽፉ አሠሪው የሚገዛውን መጠን አስቀድሞ ሊያቅድ ይችላል። አብዛኞቹ የክሊኒክ ባለቤቶች ራሳቸው ሐኪሞች ስለሆኑ ጉዳዩ የታካሚ ደኅንነት ሆኖ ሲቀርብላቸው እንደሚሰሙ እምነቴ ነው።

መቀጠሉን በተመለከተ መለኪያዬ የቆዳው ሁኔታ ነው። ደረቅና ቀላ ያለ፣ ነገር ግን ያልተከፈተ ቆዳ ካለዎት ከላይ ያልኩትን እያደረጉ ይሥሩ። ትንሽ ስንጥቅ ካለ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍነው ጓንት ያድርጉበት። ቆዳው ፈሳሽ የሚያወጣ፣ መግል የያዘ ወይም በብዙ ቦታ የተከፈተ ከሆነ ግን እስኪድን ድረስ ታካሚም መሣሪያም አይንኩ፤ በቀጠሮና በመዝገብ ሥራ ላይ እንዲመድቡዎት ይጠይቁ። በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ፣ ወይም በአንጓዎ ላይ ቁርጥ ያለ ሽፍታ ከታየ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ልምድ አለው። ሲሄዱ የሚያደርጉትን ጓንት ከነካርቶኑ፣ የሚጠቀሙበትን ሳሙና፣ የእጅ አልኮልና የመሣሪያ ማጽጃ ከነመለያ ጽሑፋቸው ይዘው ይሂዱ፤ ሕመሙ በየትኞቹ ቀናት እንደሚብስና እንደሚቀልልም ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩት። ትንፋሽ የሚያሳጥርዎት ወይም ፊትዎ የሚያብጥ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።